የሕፃናት እጅና የፊደል ገበታ
ለኢዮቤልዩ በዓል ለዲማ ካህናትና ምእመናን የተዘጋጀ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የኢዮቤልዩ በዓል በሚከበርበት ጊዜ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ንዋየ ቅድሳቱ፣ ስላለፉትም መምህራን መናገር የተለመደ ነው፤ የሚገባም ነው። የዛሬው ነገር ግን ዝቅ ብሎ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ በምንጣፍ ላይ ወደሚቀመጡት፣ ገና ሰባት ዓመት ወዳልሞላቸው ሕፃናት ይወርዳል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሕፃን የሚማረው በምላሱ ብቻ ነውን? ወይስ እጁም የትምህርት በር ነው?

በዲማ ስለ ትምህርት መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይመስላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ኤልያስና ከደብረ ወርቅ ጋራ በዚህም አገር ተምረው፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው የዲማን ስም አገሩን አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው አድርገዋል። ነገር ግን የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚማር ብዙ የተባለበት አገር፣ የፊደል ተማሪ እንዴት እንደሚማር ጥቂት እንኳ አልተባለበትም። ሕፃኑ ፊደል ይቈጥራል ተብሎ ያልፋል፤ እንዴት እንደሚቈጥር የሚጠይቅ የለም።

የግዕዝ ፊደል 26 ነው፤ በሰባት ቢባዛ 182 ይሆናል። አማርኛ የጨመራቸው ሰባቱ ሲታከሉበት 33 ሆኖ 231 ይሞላል። ሕፃን ይህን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በዜማ ማውረድ የሚችለው ብዙ ወራት ሳያልፉ ነው። ወላጆቹም ይህን ሰምተው ልጃችን ፊደል ጨረሰ ብለው ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ከገበታው መካከል አንዲት ፊደል ተነጥላ ይህች ማን ናት ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሕፃኑ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመልሶ ከግዕዙ ጀምሮ እየዘመረ ካልመጣ በቀር መልስ የለውም። ምላሱ ሮጦ ደርሷል፤ ዓይኑ ግን ገና ከመንገድ ነው።

አባቶች ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። ስለዚህ አቡጊዳን ሠሩ። አቡጊዳ የፊደልን ተራ አፍርሶ ከአንዱ ቤት አንዱን፣ ከሌላው ቤት ሌላውን እየመረጠ ያነሣል፤ ለምን ቢሉ፣ ምላስ የለመደው መንገድ ተዘግቶበት ዓይን ሥራውን እንዲሠራ ነው። አቡጊዳን ደግሞ በቃል የሚያነበንብ ልጅ ይገኛል፤ ስለዚህ ሦስተኛ ፈተና አድርገው ፊደለ ሐዋርያን አመጡ፤ በዚህም ሕፃኑ የዮሐንስን መልእክት መጀመሪያ እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ ይቈጥራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በእጁ ስንደዶ ወይም ቀጭን እንጨት ይዞ የሚጠራትን ፊደል ይነካል። ያች ስንደዶ የቀለደ ነገር አይደለችም። እጅ ዓይንን ይመራል፣ ዓይን ምላስን ይገታል ማለት ነው።

አንድ ጉድለት ግን መሸሸግ አይገባም። የፊደል ቤት ሕፃኑን እንዲያነብ እንጂ እንዲጽፍ አላስተማረም። መጻፍ ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ የጸሓፊው ሙያ ሆኖ ለብቻው ቀረ። ዳዊት የደገመ፣ ስሙን ግን መጻፍ የማይችል ሰው ብዙ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ሕፃኑ ፊደልን ነካ እንጂ ፊደልን አልሠራም።

ይህን የሚመስል አሳብ በሌላም አገር ተነሥቷል። ፍሬድሪክ ፍሮብል የሚባል የጀርመን ሰው፣ እርሱም የሉተራውያን ቄስ ልጅ ነበረ፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1837 ለሕፃናት የሚሆን የትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ጥቂት ቈይቶም የሕፃናት አትክልት ቦታ ብሎ ሰየመው። ለሕፃናቱ በመጀመሪያ የሰጣቸው መጽሐፍ አይደለም፤ ስድስት ባለ ቀለም የሱፍ ኳሶች ናቸው። ቀጥሎ ከእንጨት የተጠረበ ድብልብል፣ ባለ ስድስት ገጽ ቍራጭና ግንድ መሳይ ሰጠ። ከዚያም ባለ ስድስት ገጹን ቍራጭ ስምንት አድርጎ ከፍሎ፣ ሕፃኑ በእጁ አፍርሶ በእጁ እንዲገጥመው አደረገ። በ1907 ደግሞ ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ሐኪም በሮም ከተማ በድኾች ሰፈር የሕፃናት ቤት ከፈተች። እርስዋም ፊደልን ከሻካራ ወረቀት ቈርጣ በሰሌዳ ላይ ለጥፋ፣ ሕፃናቱ በጣታቸው መንገዱን እየተከተሉ እንዲዳስሱት አደረገች። የእኛ አገር ሕፃን በስንደዶ የሚነካውን የሮም ሕፃን በጣቱ ዳሰሰው። ስለዚህ ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው የሚል ሰው፣ ግማሹ ቀድሞውኑ በራሱ ደጅ እንደ ነበረ ይወቅ።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ይመሰክራል። ኢያሱ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋይ አስነሥቶ አቆመ፤ ምክንያቱም ሕፃናት አይተው እነዚህ ድንጋዮች ምንድር ናቸው ብለው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እንዲነግሯቸው ነው። ድንጋዩ አስቀድሞ ጥያቄው ተከተለ፤ ከጥያቄውም በኋላ ትምህርቱ መጣ። በብዙ ቤት የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሕፃኑ ላልጠየቀው ነገር መልሱን በአለንጋ ይቀበላል።

የቅኔ ሰዎችማ ይህን ለመቀበል ሊቸገሩ አይገባም። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የተገኘው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛ አስቀድሞ መልኩን በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ፈስሶ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቅ ይገባበታል። ሰሙ ባይዳሰስ ወርቁ መልክ ባላገኘም ነበር። አንድም፣ ቅኔ ራሱ በመስማት ብቻ አይገኝም፤ ተማሪው ለብቻው ወጥቶ ይቈጥራል፤ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ሠርቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ነገም ሌላ ይሠራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ እየሠራ ይማራል። ታላቁ ተማሪ በመሥራት የሚማር ከሆነ፣ ታናሹ በመቀመጥ ብቻ ይማር ዘንድ ለምን ተፈረደበት?

እንግዲህ ሥራው ምን ይመስላል? ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ዓመት ራሱ ለሕፃናት ትምህርት በየወሩ ርእስ ሰጥቶ አስቀምጧል። በመስከረም ርእሱ አበባ ይሁን። ሕፃናቱ አደይ አበባ ለቅመው ያምጡ፤ ቅጠሎቹን ይቍጠሩ፤ ረጅሙን ካጭሩ፣ የፈካውን ካልፈካው ይለዩ። በእንቁጣጣሽ ልጆች አበባና ፀሐይ ሥለው ለጎረቤት የሚሰጡት የቈየ ልማድ ነው፤ ያ ሥዕል የመጻፍ መጀመሪያ መሆኑን ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው። በ16ኛው ቀን ደመራ ይደመራል፤ ሕፃናቱም ከጭራሮ ትንሽ ደመራ፣ እሳት የማይነካው፣ ይሥሩ፤ ከሥሩ ሰፊ ከላዩ ጠባብ ካልሆነ እንደማይቆም በእጃቸው ያገኙታል።

መኸር ሲገባ ርእሱ እህል ይሆናል። ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ስንዴና ገብስ በአንድ ሰፌድ ተቀላቅሎ ይሰጣቸውና እየለዩ በየስኒው ያድርጉ። ከዚያ እስከ አምስት፣ ቀጥሎም እስከ ዐሥር ይቍጠሩ፤ በየክምሩም አጠገብ ፩፣ ፪፣ ፫ እያሉ ቍጥሩን ያስቀምጡ። ሴቶች ልጆች በአምስት ጠጠር የሚጫወቱት ቅልብልቦሽ ሒሳብ አይደለምን? በጥር ወር፣ ጥምቀት ሲቀርብ፣ ርእሱ ውኃ ይሁን፤ በቅል፣ በጣሳና በስኒ እየቀዱ ስንቱ ስንቱን እንደሚሞላ ይፈልጉ። በነሐሴ 13 ቡሄ ሙልሙሉ ሲመጣ ለሁለት፣ ለአራት መክፈል የሚማሩበት ጊዜ ነው፤ እኩል ያልደረሰው ልጅ መምህሩ ሳይናገር ራሱ ይናገራልና።

ስለ ሆሣዕና ጥቂት መቈየት ይገባል። ዘንባባ ሰንጥቆ ቀለበትና መስቀል መሥራት ሕፃናት ከታላላቆቻቸው አይተው የሚያውቁት ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ማጠፍ፣ ከላይና ከሥር ማሳለፍ፣ መሳብ፣ መጠን መለካት አለ። የአምስት ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ቀን አይችለውም፤ ያስራል፣ ይፈታል፣ ያለቅሳል። በሦስተኛው ቀን ግን ሲያበቃ ያች ጣት ብዕር ለመያዝ የተዘጋጀች ጣት ናት። የመስቀሉን ምሥጢርም ለመስማት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም፤ የሠራውን በእጁ ይዞ የሚጠይቅ ልጅ የተነገረውን አይረሳም። ከበሮውም እንዲሁ ነው። ሰፊውንና ጠባቡን አፍ በመዳፉ መትቶ ድምፁን የለየ፣ ጠፍሩን የዳሰሰ ሕፃን፣ ጠፍሩ የጌታን ግርፋት ያሳስባል ሲባል ነገሩ ባዶ ቃል አይሆንበትም።

በክረምት ደግሞ ጭቃ አለ። የእረኛ ልጅ ከጭቃ በሬና ላም መሥራት ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ ስለዚህ ፊደልንም ከጭቃ ይሥራ። በን ሁለት እግር አድርጎ ያድቦልቡል። በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ትንሽ ስንጥር ቢተክል ካዕብ ይሆናል፤ ስንጥሩን ነቅሎ ወደ እግሩ ጫፍ ቢያወርደው ሣልስ፤ የግራ እግሩን ቢያሳጥር ራብዕ፤ በቀኝ እግሩ ጫፍ ቀለበት ቢያደርግ ኃምስ። ሳድስ ግን እንደ ፊደሉ ጠባዩ የሚለዋወጥ ስለ ሆነ ለኋላ ይቈይ። ንጉሡን ሠ ሠርቶ ቢገለብጠው ሐመሩ ሐ ተመስሎ ያገኘዋል፤ በዚህም ይስቃል። በዜማ ብቻ የተማረ ልጅ ካዕብና ሣልስ በምን እንደሚለያዩ ቢጠየቅ ዝም ይላል፤ ስንጥሯን በእጁ ያወረደ ልጅ ግን ይናገራል።

አንዳንድ አባቶች ይህ ጨዋታ ነው፣ ልጅን ያባልጋል፣ የመምህርን ክብር ይቀንሳል ይሉ ይሆናል። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። መምህሩ እጁን አጣጥፎ ሕፃናቱን በጭቃ ላይ ቢለቃቸው ትምህርት አይባልም። መምህሩ እጅ ምን እንዲያገኝ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያውቅ ዘንድ ይገባዋል፤ ዛሬ ካዕብን፣ ዛሬ እኩል መክፈልን። ዜማና የቃል ጸሎትም በጆሮ የሚገቡ ናቸውና በጆሮ ይግቡ፤ ውዳሴ ማርያምን በጭቃ አስተምሩ ያለ የለም። ጥንቃቄም ያሻል፤ ከአራት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ባቄላና ጠጠር ወደ አፋቸውና ወደ አፍንጫቸው ስለሚከቱ ለእነርሱ ወደ አፋቸው የማይገባ ትልቅ ነገር ይሰጣቸው።

ሌሎች ደግሞ መንግሥት ስለ ከፈተው ለቤተ ክርስቲያን ምን ቀራት ይላሉ። እውነት ነው፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት ልጅን ሁለንተናውን እንዲያሳድግ ይል ነበር፤ ኋላም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ኦ ክፍል የሚባለው ተከፍቷል። ነገር ግን ሕፃናቱን ከሰሌዳ ፊት አስቀምጦ በአንድ ድምፅ ማስጮኽ በዚያም ክፍል ገብቶ ቢገኝ አያስደንቅም። ምንጣፉ በወንበር ተለወጠ እንጂ ምላሱ ያው ምላስ ነው። ለዚህም ካህናትና የመንግሥት መምህራን ቢመካከሩ እንጂ ቢሻሙ ጥቅም የለውም።

የሚያስፈልገው ቤት ሰፊ አይደለም፤ በክረምት የማያፈስ፣ በበጋ ከዛፍ ጥላ የሚያገኝ ይበቃል። አስተማሪዎቹም ካህናት ብቻ አይሁኑ። ስንደዶና አክርማ ይዛ ሰፌድ የምትሰፋ እናት፣ የስፌቱን ሐረግ ስትጥል ቍጥር የምትቈጥር እርስዋ፣ በሳምንት አንድ ቀን መጥታ ብትቀመጥ ወንዶቹም ሴቶቹም ከእርስዋ ይማራሉ። በቀድሞው የፊደል ቤት ሴት ልጅ ጥቂት ነበረች፤ በዚህኛው ግን የሴቶቹ ቦታ ገና ምንጣፉ ሲነጠፍ መለየት አለበት። ደብሩ በዚህ ቢስማማ፣ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜ ስኒውን፣ ሰፌዱን፣ የእህሉን ዘር፣ የፊደሉን ገበታ ለመሰብሰብ ይበቃል፤ ሕፃናቱም መስከረም ሲጠባ ገበታው ከመዘርጋቱ በፊት አደይ አበባ ለመልቀም ወደ ሜዳ ይወጣሉ።