የመንገደኛው ኢ-ሲም፦ ያለ መረጃ ምርጫ የለም!

(ወደ ዱባይ፣ ወደ ጓንዡና ወደ ኢስታንቡል ለሚመላለሱ ነጋዴዎች ካደረግሁት ንግግር ለጋዜጣ እንዲመች አሳጥሬ ያቀረብኩት)



እኛ ኢትዮጵያውያን በስልክ ነገር ምርጫ የሚባል ሳናውቅ ነው ያደግነው። እ.ኤ.አ. በ1894፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከተጀመረው ስልክ አንስቶ ሁለተኛ ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሥራ እስከጀመረበት እስከ መስከረም 2015 ዓ.ም. ድረስ የሰጡንን መስመር ተቀብለን፣ ሲዘጋ ዝም፣ ሲከፈት ተመስገን እያልን ኖርን። እንዲህ ያደገ ሰው ድንገት መቶ ሻጭ ቢደረደርለት ምን ያደርጋል? ርካሹን አይቶ ዘው ይላል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዕቃ ላመጣ በዱባይ በኩል ወደ ጓንዡ ስነሳ «የአገርህን ሲም ይዘህ ከሄድክ ሮሚንጉ ይገፍሃል፤ ኢ-ሲም ግዛ» አሉኝ። ኢ-ሲም ማለት ካርድ የሌለው ሲም ነው፤ ኮዱን በካሜራ ታነሳላችሁ፣ መስመሩ ስልኩ ውስጥ ይገባል። «እስያ» የሚል ርካሽ ጥቅል ገዛሁ። የአገሬን ሲም ደግሞ «እንዳይቆጥርብኝ» ብዬ አውጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ብልህ መሆኔ ነው እኮ!

ዱባይ ስወርድ ስልኩ ጭጭ አለ። በአውሮፕላን ማረፊያው ኢንተርኔት ገብቼ የአገሮቹን ዝርዝር ባነብ ኤምሬትስ የለችበትም። አስተማሪዬ ኤምሬትስ እስያ ናት ብለውኛል፤ ሻጩ ግን የራሱ ካርታ አለው።

ይሄስ ይሁን። ጓንዡ ስደርስ መስመሩ ሠራ፤ በሁለተኛው ቀን እህቴ በቴሌግራም ደወለች። እናታችን ሆስፒታል ገብታለች፣ ማስያዣ ይከፈል ተብሏል። በስልኬ ከባንክ ገንዘብ ላስተላልፍ ስል ማረጋገጫው ኮድ የሚላከው ለአገር ቤቱ ቁጥሬ ነው። ሲሙ አዲስ አበባ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ቁልፉ ጓንዡ ኪሴ ውስጥ! እናቴ ዛሬ ደኅና ናት። ያሳከማት ግን ያዋጣው ጎረቤት እንጂ የእኔ ብልህነት አይደለም።

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ስልካችሁ ይቀበላል ወይ? *#06# ብላችሁ ስትደውሉ «ኢ.አይ.ዲ.» የሚል ረጅም ቁጥር ከመጣ ኢ-ሲም አለው። በዋናው ቻይና የተሸጡ ብዙ ስልኮች የላቸውም። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልካቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ አይፎን 14 ወዲህ የወጡት ደግሞ በአብዛኛው የካርድ ማስገቢያ ጭራሽ የላቸውም። በብድር ተገዝቶ ለአንድ ድርጅት የተቆለፈ ስልክ ከሆነም የሌላውን መስመር አይቀበልም።

ሁለተኛ፣ የአገር ዝርዝር። «እስያ»፣ «አውሮፓ» የሚለው ስም አያታላችሁ። ቱርክን አንዱ አውሮፓ ውስጥ ይከታታል፣ ሌላው መካከለኛው ምሥራቅ ይላታል፣ ሦስተኛው ይተዋታል። አልፋችሁ የምትሄዱበትንም አገር ጨምራችሁ አንድ በአንድ ፈልጉ። በየአገሩ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ አንድ የጋራ ጥቅል ድካም ይቀንሳል፤ አንድ ቦታ ወር የምትቀመጡ ከሆነ ግን የዚያን አገር ሲም ዋጋ አስተያዩ።

ሦስተኛ፣ ቀኑ መቼ መቁጠር ይጀምራል? አንዳንዱ ስልካችሁ ላይ ከጫናችሁበት፣ አንዳንዱ እዚያ አገር መስመር ከያዘበት ጊዜ ይቆጥራል። «ያልተገደበ» የሚለውንም ቃል ጠርጥሩ፤ ብዙ ጊዜ በቀን ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ እንደ ኤሊ ይሆናል። ስንት ጊጋ እንደሚበቃችሁ ሻጩን ሳይሆን የራሳችሁን ስልክ ጠይቁ፤ ያለፈው ወር ፍጆታ ማስተካከያው ውስጥ ተጽፏል።

አራተኛ፣ ቁጥር አለው ወይ? አብዛኛው የመንገደኛ ኢ-ሲም ኢንተርኔት ብቻ ነው፤ መደወያ ቁጥር የለውም። ስለዚህ የአገር ቤቱን ሲም አታውጡት! ዳታ ሮሚንጉን ዝጉና ኢንተርኔቱን ለኢ-ሲሙ ስጡት፤ የባንክ መልእክት በአሮጌው ይገባል። የሮሚንግ መልእክት መቀበያችሁ መሥራቱንና ዋጋውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

አምስተኛ፣ የምትሄዱበት አገር መንግሥት ምን ይዘጋል? ቻይና በአገሬው መስመር ዋትስአፕም ጉግልም ቴሌግራምም አይከፈትም፤ የውጭ ኢ-ሲም ግን ኢንተርኔቱን በውጭ አገር በኩል ስለሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። በኤምሬትስ የዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ የታገደ ነው። ቱርክ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የብዙ ኢ-ሲም ሻጮችን ድረ ገጽ ዘጋች፤ እዚያ ደርሼ እገዛለሁ ያለ ሰው ጉድ ሆነ። ስለዚህ እቤታችሁ ሆናችሁ ግዙ፣ እቤታችሁ ሆናችሁ ጫኑ። ከጫናችሁም በኋላ አታጥፉት፤ ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ወጣት ቅድም «የውጭ ኢ-ሲም ካለኝ እዚህ ኢንተርኔት ቢዘጋም አልቸገርም» ሲል ሰማሁት። አይምሰልህ ልጄ! ኢ-ሲም ከሰማይ አይወርድም፤ የሚጠቀመው የአገሩን አንቴና ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔቱ ተቆርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ስንቀመጥ አንቴናውን የያዘው እጅ ነበር የዘጋብን። ያንን የሚፈታ ሸቀጥ አይሸጥም፤ እሱን የሚፈታው ተጠያቂ የሆነ መንግሥት ነው።

የሻጩ ጉዳይ ግን በእጃችን ነው። ዝርዝሩን ሳያነብ የሚመርጥ ሰው መረጠ አይባልም፤ ተመረጠለት እንጂ። ይሄ ለኢ-ሲም ብቻ እንዳይመስላችሁ።

መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።