በጅቡቲ ወደብ ላይ ስለሚሻገር ብርሃንና ስለ ቅብብሎሽ ጥቅም



የጅቡቲ ወደብ ለኢትዮጵያ የዕቃ በር ብቻ አይደለም፤ የቃልም በር ነው። የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ብረትና ጨርቅ፥ መጽሐፍና ደብዳቤ በዚህ በር ሲገባ ኖሯል። ዛሬ ደግሞ በባሕር ሥር የተዘረጉት የመስታወት ክሮች በዚያው ወደ የብስ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች በተቆረጡ ጊዜ፥ በአንድ መንገድ ብቻ መታመን እንደማይበቃ ለሁሉ ታየ።

ሊቃውንት ከሚያጠኗቸው ሌሎች መንገዶች አንዱ ብርሃንን ያለ ክር በአየር ውስጥ አቅንቶ መላክ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1880 የሰውን ድምፅ በብርሃን ጨረር ላይ ጭኖ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ አሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ታራ የተባለው ሥራ በኮንጎ ወንዝ ላይ ብራዛቪልንና ኪንሻሳን በ4.8 ኪሎ ሜትር የብርሃን መሥመር አገናኝቷል።

ነገር ግን እንደ ጅቡቲ ባለ ቦታ ብርሃን ሦስት ጠላቶች አሉት። አንደኛው በበጋው ሙቀት ካምሲን የሚባለው ነፋስ የሚያነሣው አቧራ ነው፤ ብርሃኑን ይውጠዋል። ሁለተኛው ከጋለ መሬት የሚነሣው ወላፈን ነው፤ ብርሃኑን ያንቀጠቅጠዋል። ሦስተኛው በመሥመሩ መካከል የሚያልፍ መርከብ ወይም የሚዞር ክሬን ነው፤ ብርሃኑን ይጋርደዋል።

ለምሳሌ ያህል፥ ከአሮጌው ወደብ ወደ ዶራሌ የብርሃን መሥመር ይዘረጋል እንበል። መብራቱን ማጠንከር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በሙሉው ርቀት ከአሥር ሺሕ እጅ አንዱ ብቻ የሚደርስ ከሆነ፥ አየሩ አንድ ዐይነት እስከሆነ ድረስ በግማሹ ርቀት ከመቶ እጅ አንዱ ይደርሳል። ስለዚህ በመካከል ተቀባይ ጣቢያ ቢቆም የእያንዳንዱ ጉዞ ሸክም እጅግ ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ሆኖም ጣቢያዎች በአንድ መሥመር ብቻ ከተደረደሩ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ይቋረጣል። ስለዚህ ከቀጥታው መንገድ ሌላ፥ በባልባላ ከፍታ ላይ የሚያልፍ ሁለተኛ መንገድ ቢኖር ይበጃል። እያንዳንዱ መንገድ ከመቶ ጊዜ አንድ ጊዜ የሚዘጋ ቢሆን፥ ሁለቱ ባንድነት የሚዘጉት ከአሥር ሺሕ አንድ ጊዜ ነው። ይህ ግን የመዘጋታቸው ምክንያት የተለያየ ሲሆን ብቻ ነው። መርከብ አንዱን ሲጋርድ ሌላው ክፍት ነው፤ አቧራ ከተማውን ሁሉ ሲሸፍን ግን ሁለቱም ይጨልማሉ። በዚያን ጊዜ የሬድዮ ሞገድ ሊተካቸው ይገባል።

የቅብብሎሽ ጣቢያም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የደረሰውን እንዳለ አጉልቶ ያሳልፋል፤ ከቃሉ ጋራ የተቀላቀለውንም ስሕተት አብሮ ያጎላል። ሁለተኛው መልእክቱን አንብቦ፥ ካጣራ በኋላ እንደ አዲስ ይልካል። ሁለተኛው ተጨማሪ ሥራና ጊዜ ይጠይቃል፤ ራሱ ካነበበው ላይ ከተሳሳተም ስሕተቱን እንደ እውነት ያስተላልፋል። ስለዚህ የሚታመነው ጣቢያ፥ ያልተረዳውን ከመላክ ዝም የሚልና ለሌላው መንገድ የሚለቅ ነው።

ይህን በትምህርት ቤት ግቢ ማሳየት ይቻላል። አመሻሽ ላይ አንድ ተማሪ በእጅ ባትሪ ፊደል በምልክት እየላከ ሌላው ከሜዳው ማዶ ይጻፍ። ቀጥሎ ሦስተኛው ተማሪ መካከል ቆሞ እያነበበ መልሶ ይላክ። በሁለቱ ወረቀቶች ላይ የተገኘው ስሕተት ሲቈጠር ትምህርቱ ራሱ ይናገራል።

መምህርም በትውልድና በትውልድ መካከል የቆመ ጣቢያ ነው። የተቀበለውን ሳይመረምር አጉልቶ የሚያስተላልፍ አለ፤ ተረድቶ፥ አጣርቶ የሚሰጥም አለ። ርቀቱ በረዘመ ቍጥር አገር የሚያስፈልጋት ሁለተኛው ነው።