የገበሬው ጠመንጃና የግዛቱ ሕግ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)




አርሶ አደር ጠመንጃ የሚይዘው ለጌጥ አይደለም። ከርከሮና ዝንጀሮ ማሳ ሲያወድሙ፣ ጅብ በረት ሲደፍር ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ጥያቄው የትኛው ጠመንጃ፣ በየትኛው ሕግ የሚለው ነው። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ለመላው አገሪቱ የወጣ ሲሆን ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። በአሜሪካ ግን በፌዴራሉ ሕግ ላይ ተጨማሪ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ያወጣል። ከጥብቆቹ አንዷ ካሊፎርኒያ ናት። ካሊፎርኒያ ደግሞ በወተት፣ በአልሞንድና በአትክልት የታወቀች የገበሬ አገር ናት። የዛሬው ንግግርም የዚያ አገር ገበሬ ሕጉን ጠብቆ ጠመንጃ እንዴት እንደሚመርጥ ይመለከታል።

ሕጉ የተጀመረው በደም ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1989 በእርሻ አካባቢ በምትገኘው ስቶክተን ከተማ አንድ ሰው በክላሽ አምሳያ ጠመንጃ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ተኮሰ። 5 ሕፃናት ሞቱ፤ ሁሉም ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የተሰደዱ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት ግዛቱ ክላሽንና ኤአር 15ን ጨምሮ ብዙ መሣሪያዎችን በስም ዘርዝሮ ከለከለ። አምራቾች ምን አደረጉ? ስሙን ቀይረው ያንኑ ጠመንጃ ሸጡ። በመሆኑም ግዛቱ በ1999 ሌላ ሕግ አወጣ፤ ከ2000 ጀምሮ የሚታየው ስሙ ብቻ ሳይሆን የጠመንጃው አካል ጭምር ሆነ።

ገበሬው ሊያውቀው የሚገባው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ራሱ እያቀባበለ የሚተኩስና ካዝናው የሚወልቅ ጠመንጃ ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለበት የተከለከለ ነው፦ እንደ ሽጉጥ እጀታ ወደ ታች የወጣ መያዣ፣ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ሰደፍ፣ የሚታጠፍ ወይም የሚሳብ ሰደፍ፣ የፊት እጀታ፣ የተኩስ ብልጭታ መቀነሻ፣ ቦምብ መወርወሪያ። ካዝናው የማይወልቅ ከሆነ ደግሞ ከ10 ጥይት በላይ መያዝ የለበትም። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ30 ኢንች፣ ማለትም ከ76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማነስም አይችልም።

ብልጣብልጥ የትም አይጠፋም። ካዝናው ያለ መሣሪያ እንዳይወልቅ ሲባል፣ በጥይት ጫፍ ተጭነው የሚያወልቁት ቁልፍ ተፈጠረ፤ በወቅቱ የጥይት ጫፍ እንደ መፍቻ ይቆጠር ነበርና። በ2016 የወጣ ሕግ ይህን በር ዘጋው፤ ቀድሞ የገዙትም እስከ 2018 አጋማሽ እንዲያስመዘግቡ ታዘዙ። ትናንት ሕጋዊ የነበረ ጠመንጃ ባለቤቱ ሳይነካው ሕገወጥ ሊሆን እንደሚችል ገበሬው የተማረው ከዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይመርጣል? መጀመሪያ የሚጠይቀው ጠላቱ ማን እንደሆነ ነው። መሬት ቆፍሮ ሰብል የሚያበላሽና የመስኖ ቦይ የሚሸረሽር የምድር ሽኮኮ ከሆነ ትንሿ ባለ 22 ካሊበር ትበቃዋለች፤ ያ የአካል ምርመራም አይመለከታትም። በግ የሚጥል ኮዮቴ፣ ማለትም የቀበሮ ዘመድ፣ ወይም የዱር አሳማ ከሆነ ከፍ ያለ ጥይት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ እንደ ድሮው ምንሽር ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ የተሻለ ምርጫ ነው። አነጣጥሮ ለሚተኩስ ገበሬ አንድ ጥይት ይበቃል፤ ክልከላው ራሱ እያቀባበለ በሚተኩሰው ላይ ስለሆነ ስለ እጀታና ስለ ሰደፍም አይጨነቅም። ፈጥኖ የሚተኩስ ካስፈለገው ግን ቀጥ ያለ የእንጨት ሰደፍ ያለውን፣ ካዝናውም ከ10 ጥይት የማይበልጠውን ይወስዳል።

ትልቁ ወጥመድ ያለው ድንበር ላይ ነው። ጎረቤቷ ኔቫዳ እንዲህ ያለ ክልከላ የላትም። ባለ እጀታውን ከዚያ ገዝቶ ወደ ካሊፎርኒያ ያስገባ ሰው 4፣ 6 ወይም 8 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ከእስር ሲወጣም በ1968 የፌዴራል ሕግ መሠረት በከባድ ወንጀል የተቀጣ ሰው መሣሪያ መያዝ ስለማይችል፣ ቤት ያስቀመጠውንም አሮጌ ጠመንጃ ያጣል። ማሳውን ለከርከሮ ዘመድ ትቶ ማለት ነው።

አገዛዙም ሥርዓት አለው። ገዢው በመሠረቱ ለ5 ዓመት የሚያገለግል የደኅንነት ማረጋገጫ በጽሑፍ ፈተና ያገኛል፤ ከዚያ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማንነቱና የወንጀል መዝገቡ ይመረመራል፤ ጠመንጃውን የሚረከበው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ሲሸጥ እንኳ የሚያልፈው በነጋዴው በኩል ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ጥይቱ ነው። የካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ትልቅ ጥንብ አንሳ በ1987 በመላው ዓለም 27 ብቻ ቀርቶ ነበር። ከጠላቶቹ አንዱ በተገደለ እንስሳ ሥጋ ውስጥ የሚቀር የእርሳስ ስባሪ ነው። ስለዚህ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በግዛቱ ውስጥ የዱር እንስሳ በእርሳስ ጥይት መተኮስ ተከልክሏል፤ ለሽኮኮም ቢሆን። ገበሬው የመዳብ ጥይት ይገዛል፤ ለትንሿ ባለ 22 ግን እርሳስ የሌለበት ጥይት እንደ ልብ አይገኝም። ስለሆነም ጠመንጃውን ከመግዛቱ በፊት ጥይቱ በአካባቢው ሱቅ መኖሩን ያጣራል፤ ከገዛም በኋላ አንድ ፓኮ ለሙከራ አስቀርቶ፣ ዒላማ ላይ አነጣጥሮ ካየ በኋላ ነው ወደ ማሳው የሚወጣው።