ጣት የማይበላ ማሽን እንላክ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአንድ አባል የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ለከተማችን የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የምንልከውን የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ምን ላይ እንዳደረስኩት እንዳስረዳ ጠይቆኛል። "ማሽኑን ካገኘን ስድስት ወር አለፈ፤ ለምን አልተላከም?" የምትሉም አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከአባቴ እጅ ልጀምር።

አባቴ አናጢ ነበር። በግራ እጁ ሦስት ጣት ብቻ ነበረው። ሁለቱን የወሰደበት መከላከያ የሌለው ክብ መጋዝ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲሰነጥቅ እንጨቱ ተጣሞ ዲስኩን ነከሰው፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ እጁን ወደ ዲስኩ ጎተተው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስማር የምይዝለት እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ ማሽናችን ልመለስ። እዚህ ሜሪላንድ አንድ ወርክሾፕ ሲዘጋ በነፃ ያገኘነው ነው። አሮጌ ቢሆንም አካሉ ከባድ ብረት ስለሆነ ገና ብዙ ዘመን ይሠራል። የጠረጴዛውን ዝገት በነጭ ጋዝና በብረት ሱፍ ፈትጌ ሰም ቀባሁት። የሚጮኹትን ኩሽኔታዎች ቀየርኩ፤ ቺንጋውም አዲስ ነው። እንጨቱ ተደግፎ የሚሄድበትን መምሪያ ከዲስኩ ጋር ትይዩ አደረግሁት። ይህ ካልተስተካከለ እንጨቱ በመምሪያውና በዲስኩ መካከል ይጣበቃል።

እስከዚህ ያለው ጥገና ነው። ጊዜ የፈጀብኝ ማሽኑ ሲሠራ ጀምሮ ያልነበረውን መጨመር ነው።

አንደኛ፣ ከዲስኩ ኋላ የሚቆም ቀጭን ብረት አስገባሁለት። የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ እንዳይገጥምና ዲስኩን እንዳይነክስ ለያይቶ ይይዘዋል። አባቴ ይህ ብረት ቢኖረው ኖሮ ጣቶቹ ይተርፉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዲስኩ በላይም መሸፈኛ አለው።

ሁለተኛ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ቀየርኩ። የድሮው መብራት ሲጠፋ እንደበራ ይቆያል። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ይነሳል። በከተማችን መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ እናንተው ታውቃላችሁ። አንድ ተማሪ መብራት ጠፍቷል ብሎ ጉርዱን ሲጠርግ ዲስኩ ቢነሳ ምን እንደሚሆን አስቡት። አዲሱ ኃይል ሲቋረጥ ራሱ ይጠፋል፤ ሰው ካልተጫነው አይነሳም።

ሦስተኛው የሞተሩ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የአገራችን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። "ትራንስፎርመር ይበቃል" ያላችሁኝ ነበራችሁ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ሞተሩ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ከመጠን በላይም ይሞቃል። ስለዚህ ሞተሩ እዚሁ ይቀራል፤ ለአገራችን መብራት የተሠራ ሞተር አዲስ አበባ ይገዛል። አዲሱ ማብሪያ ማጥፊያም ለ220 ቮልት የተሠራ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች "ዝም ብለን እንላከው፤ እዚያ ያስተካክሉታል" ብለዋል። አሳባቸው ቅን ነው፤ ልጆቹ ባዶ ወርክሾፕ ውስጥ እየጠበቁ ነው። ነገር ግን የሚጠብቁት ዕድሜያቸው 17 እና 18 የሆነ፣ ማሽኑን በሙሉ ልብ የሚያምኑ ልጆች ናቸው። ከእኛ የመጣ ነገር ይጎዳናል ብለው አይጠረጥሩም። እዚህ ሐኪም ቤቱ ቅርብ በሆነበት አገር እንኳ በየዓመቱ 30 ሺህ ገደማ ሰዎች በእንዲህ ያለ መጋዝ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል እንደሚገቡ ይገመታል። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ስለዚህ ጉባኤው ሁለት ነገር እንዲወስን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከእንግዲህ ለያዥ ብረት፣ መሸፈኛና ኃይል ሲቋረጥ ራሱ የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ የሌለው መሰንጠቂያ በማኅበራችን ስም እንዳይላክ። ሁለተኛ፣ ለሞተሩ መግዣና አሠልጣኙ ማሽኑን ለሚለማመድባቸው ቀናት አበል በጀት እንዲያዝ። በጎተራ የተቀመጠው ሁለተኛው መጋዝም ተራውን እየጠበቀ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጁን ሊያበድር የሚፈልግ ቢኖር ጋራዤ ክፍት ነው፤ ቡናም አይጠፋም።

አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። ማሽኑ ሲጫን ግን በጎኑ ላይ በአማርኛ አንድ ነገር እጽፍበታለሁ፦ "መጀመሪያ መሸፈኛውን አውርድ፤ ከዚያ አስነሳ።"