ነፋስና ድምፅ
(ዜማን ተካፍሎ ስለ መምረጥ በዲላ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ነፋስ የሚናገር ሰው ከሁለት ነገሮች አንዱን እንዲያነሣ ይጠበቃል። አንደኛው ነፋስ በሕንፃና በድልድይ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ሲሆን፣ ሁለተኛው ከነፋስ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህ ሁለተኛው ጉዳይ በአገራችን የቅርብ ጊዜ ታሪክ አለው፤ 51 ሜጋ ዋት ያለው አዳማ አንድ በ2004 ዓ.ም.፣ 120 ሜጋ ዋት ያለው አሸጎዳ በ2006 ዓ.ም.፣ 153 ሜጋ ዋት ያለው አዳማ ሁለት ደግሞ በ2007 ዓ.ም. መመረቃቸው ይታወሳል። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ሦስተኛ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ነፋስ ዜማ ሲሆን፣ ዜማውንም ሰዎች ተካፍለው ሲመርጡት ምን እንደሚከተል ነው።

ለዚህ ያነሣሣኝ በዚህ ከተማ የምንኖር ጥቂት የሙያ ባልደረቦች የጀመርነው ልማድ ነው። እያንዳንዳችን በየወሩ ነፋስን የሚመለከት አንድ ቅጂ፣ ማለትም ወይ ስለ ነፋስ የተዘፈነ ወይ በትንፋሽ መሣሪያ የተነፋ ዜማ፣ በስልክ እንለዋወጣለን፤ አዳምጠንም ድምፅ እንሰጣለን። ልማዱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያሸንፈው ዘወትር አንድ ዓይነት ሆነ፤ በስቱዲዮ የተቀረጸ የአንድ ባለዋሽንት ዜማ። በገጠር የተቀረጹት፣ ይልቁንም ብዙ ሰዎች በኅብረት የሚነፏቸው፣ ከመጨረሻው ረድፍ አልተነሡም። በመጨረሻም የቅጂው ማስቀመጫ እየሞላ ስለ ሄደ፣ ዝቅተኛ ድምፅ ያገኙት ይሰረዙ የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ቀረበ። እንግዲህ ጉዳዩ ከጨዋታ አልፎ የመጥፋትና የመኖር ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ቋንቋችን ያስቀመጠልንን ሁለት ምልክቶች እንመልከት። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ የሚሉት ቃላት ሥራቸው አንድ ነው። ድምፅ የሚለው ቃል ደግሞ በአንድ በኩል ጆሮ የሚሰማውን፣ በሌላ በኩል መራጭ በኮሮጆ የሚጨምረውን ያመለክታል። አንዱን ድምፅ የሚለካው የፊዚክስ ሕግ ሲሆን፣ ሁለተኛውን የምንለካው በመቁጠር ነው። የዛሬው ጥያቄዬ፣ ሁለተኛው ድምፅ የመጀመሪያውን በትክክል ሊመዝን ይችላልን? የሚል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ተሰሚው ድምፅ። ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ፣ በዛሬው ጊዜም ከብረትና ከፕላስቲክ ቧንቧ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜ አራት የጣት ቀዳዳዎች አሉት። በአንድ ሰው እጅ የተሟላ ዜማ ይወጣበታል። እምቢልታ ግን የተለየ ነው። የጣት ቀዳዳ ስለሌለው አንድ እምቢልታ የሚያሰማው ድምፅ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ይነፉታል፤ ዜማው የሚገኘውም ከሦስቱ ድምር እንጂ ከአንዱ አይደለም። ወደ ደራሼ ስንሄድ ይኸው አሠራር ሰፍቶ እናገኘዋለን። ፊላ በሚባለው የደራሼ የቀርከሃ ዋሽንቶች ጨዋታ ብዙ ሰዎች እየዞሩና እየጨፈሩ ይነፋሉ፤ የእያንዳንዱ ድርሻ አንድ ወይም ጥቂት ድምፅ ነው። የጃዝ ሊቅ ሙላቱ አስታጥቄ፣ የደራሼ ነፊዎች የሚጠቀሙበት የድምፅ አሰላለፍ የዘመናዊ ጃዝ ሊቃውንት ብዙ ደክመው ከደረሱበት ጋር የሚገናኝ መሆኑን በተለያዩ ጊዜያት ተናግረዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጌዴኦና ደራሼ በአንድ ክልል፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ስለሚገኙ፣ ፊላ ለእኛ ለዲላ ነዋሪዎች የጎረቤት ሀብት ነው።

የቧንቧ ድምፅ የሚወሰነው በርዝመቱና በውስጡ ባለው አየር ነው። ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት የሆኑ የአንድ ሜትር ቧንቧ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት መሠረታዊ ድምፁ 172 ኸርዝ ያህል ነው፤ አንዱ ጫፉ ቢደፈን ድምፁ በግማሽ ይወርዳል። በአየር ውስጥ ድምፅ የሚጓዝበት ፍጥነት በ20 ዲግሪ በሴኮንድ 343 ሜትር ሲሆን፣ በ10 ዲግሪ ወደ 337 ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላ የተስተካከለ ዋሽንት ወደ ደጋ ሲወጣ፣ የነፊው ትንፋሽ ካላሞቀው በቀር፣ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይወርዳል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አብረው የሚነፉ ዋሽንቶች ሁሉ በአንድነት ስለሚወርዱ በመካከላቸው ያለው ዝምድና የማይፈርስ መሆኑ ነው። የሚፈርሰው በሌላ ቦታ የተቃኘ መሣሪያ መጥቶ ሲዳኛቸው ነው።

አሁን ወደ ተቆጣሪው ድምፅ እንሻገር። እዚህ ላይ ሦስት ችግሮች ይገጥሙናል።

የመጀመሪያው የመለኪያው ችግር ነው። የስልክ ትንሽ ድምፅ ማውጫ ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ አጥርቶ አያሰማም። የረጅም ቧንቧ መሠረታዊ ድምፅ ከዚህ ወሰን በታች ሊውል እንደሚችል ከላይ ካሰላነው ይታያል። ዋሽንት ግን በአብዛኛው ከወሰኑ በላይ ስለሚዘፍን በስልክ ያምራል። በዚያ ላይ በሜዳ ላይ የሚቀረጽ ሙዚቃ ጠላቱ ራሱ ነፋስ ነው፤ አየሩ በማይክሮፎኑ ላይ ሲሽከረከር የሚፈጥረው ጉርምርምታ ዝቅተኛውን ድምፅ ይውጠዋል። ስለ ነፋስ የተዜመው በነፋስ ይሸፈናል ማለት ነው። ታዲያ አድማጩ ዝቅተኛ ድምፅ ሲሰጥ የፈረደው በነፊዎቹ ላይ ነው ወይስ በማይክሮፎኑ? መሐንዲስ የመለኪያውን ስሕተት ከሚለካው ነገር ባሕርይ ለይቶ ማየት ይገባዋል።

ሁለተኛው ችግር ቆጠራው ራሱ ሰሚውን የሚመራ መሆኑ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች 14,341 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት አሳትመዋል። ለአድማጮቹ ታዋቂነት የሌላቸው ቡድኖች የሠሯቸው 48 ዘፈኖች ቀረቡ። ከፊሎቹ ሌሎች ምን እንደ መረጡ ሳያውቁ በግላቸው መረጡ፤ የቀሩት ስምንት የተለያዩ ወገኖች ሆነው፣ በየወገናቸው ከነሱ በፊት የመረጡትን ቁጥር እያዩ መረጡ። ቁጥሩን ያዩት ዘንድ ታዋቂው ይበልጥ ታዋቂ፣ የተረሳው ይበልጥ የተረሳ ሆነ፤ ይሁን እንጂ በአንዱ ወገን ያሸነፈው በሌላው ወገን ሁልጊዜ አላሸነፈም። እጅግ ጥሩዎቹ መጨረሻ የሚወጡት፣ እጅግ ደካሞቹም የሚያሸንፉት ከስንት አንዴ ነበር፤ በመካከል ያሉት ግን ዕድላቸው የተወሰነው መጀመሪያ በደረሳቸው ጥቂት ድምፅ ነው። ስለዚህ ውጤቱ የዜማውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማን ቀድሞ እንደ ተናገረም ይመዘግባል።

ሦስተኛው ችግር የሒሳብ ነው። ሦስት አድማጮች ዋሽንት፣ እምቢልታና ፊላ ቀረቡላቸው እንበል። አንደኛው ዋሽንትን፣ ከዚያ እምቢልታን፣ ከዚያ ፊላን ያስቀድማል። ሁለተኛው እምቢልታን፣ ከዚያ ፊላን፣ ከዚያ ዋሽንትን። ሦስተኛው ፊላን፣ ከዚያ ዋሽንትን፣ ከዚያ እምቢልታን። ሁለት ሁለቱን ብናወዳድር ዋሽንት እምቢልታን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል፤ እምቢልታም ፊላን እንዲሁ፤ ፊላም ዋሽንትን እንዲሁ። አሸናፊ የለም ማለት ነው። ይህን ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ በ1785 አሳይቶታል፤ እንግዲህ የብዙኃን ድምፅ ሁልጊዜ አንድ ቁርጥ ያለ ትርጉም አለው ብሎ ማመን አይቻልም።

በዚህ ሁሉ ድምፅ መስጠት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ድምፅ መስጠት ሰውን ያነቃቃል፤ ካልተጠየቀ የማያዳምጠውን እንዲያዳምጥ ያደርገዋል። የእኔ ክርክር፣ ቆጠራ ለማስቀደም እንጂ ለማጥፋት ሥልጣን ሊሰጠው አይገባም የሚል ነው። የዛሬ ምርጫችን ነገ ሊለወጥ ይችላል፤ የተሰረዘ ቅጂ ግን አይመለስም። ሊመለስ የሚችልን ውሳኔ በአብላጫ፣ ሊመለስ የማይችልን ውሳኔ ግን በሙሉ ስምምነት መወሰን የጥንቃቄ ሕግ ነው። በግድብም በድልድይም ሥራ ይህንኑ እንከተላለን።

ለዚህ ሕግ አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጌዴኦ ሕዝብ ዘንድ ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ነገርን የሚጨርሰው እጅ በመቁጠር ሳይሆን ተነጋግሮ በመስማማት ነው። የማይስማማ ሰው ቢገኝ ምክንያቱ ይሰማል። ሥልጣን በስምንት ዓመት የሚሸጋገርበት የባሌ ሥርዓትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የጌዴኦ ማሳ ራሱ ይህን ያስተምራል፤ ከላይ ብርብራና ዋንዛ፣ ከመካከል እንሰትና ቡና፣ ከታች ልዩ ልዩ አዝርዕት በአንድ ቦታ ይበቅላሉ። ረጃጅሞቹ ዛፎች ነፋሱን ስለሚያበርዱት የእንሰቱ ሰፊ ቅጠል ከመቀደድ ይድናል። ገበሬው በዓመቱ ብዙ ያፈራውን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ቢነቅል ኖሮ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባሕላዊ መልክዓ ምድር አይኖርም ነበር።

በዚህ መልክዓ ምድር ውስጥ በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ሁላችንም እናውቃለን። ድንጋዩ ያቆመው ሰው ካለፈ በኋላም ይቆማል። በትንፋሽ የሚሠራ ዜማ ግን ነፊው ሲያቆም ያቆማል፤ ሦስት ሰው የሚጠይቀው እምቢልታ አንዱ ሲጎድል ይጎድላል፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ፊላ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ለመጥፋት የቀረበ ነው። ይህም ማለት በድምፅ ብልጫ ወደ ታች የሚወርደው፣ ጥበቃ ይበልጥ የሚያስፈልገው ወገን ነው።

ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን አንዱ ሌላውን ሳይውጥ ማሰባሰብ እንደሚቻል ታሪካችን ያሳያል። በ1963 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሐሊም ኤል ዳብህ አማካይነት የተቋቋመው፣ በኋላም በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ከየአካባቢው የመጡ መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ ላይ አቀናጅቷል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደም የእረኛውን ዋሽንት መነሻ አድርገው ለኦርኬስትራ ደርሰዋል።

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርባቸው ሐሳቦች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ አባላት በየተመደቡበት የሥራ ቦታ የሚያገኟቸውን የትንፋሽ ዜማዎች፣ ነፊዎቹን አስፈቅደውና ስማቸውን፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግበው፣ ማይክሮፎኑንም ከነፋስ በስፖንጅ ወይም በጨርቅ ከልለው እንዲቀርጹ። ሁለተኛ፣ ድምፅ የሚሰጠው በጥሩ ማዳመጫ፣ የሌላው ምርጫ ሳይታይ እንዲሆን፤ ዝቅተኛ ድምፅ ያገኘውም ቅጂ ከሁሉ በፊት በሁለተኛው ወር እንደ ገና እንዲደመጥ። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ቅጂ የሁሉም አባላት ስምምነት ካልተገኘ በቀር እንዳይሰረዝ።

የማስቀመጫ ቦታ ዛሬ በርካሽ የሚገዛ ነገር ነው። ሦስቱን የእምቢልታ ነፊዎች ግን አንዱ ከጎደለ በኋላ በገንዘብ መልሶ ማሟላት አይቻልም። በዚህ ረገድ የምናወጣው ጥቂት ወጪ ከምናድነው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል መሆኑን ለስሌት አዋቂዎች ማስረዳት አያስፈልገኝም።