መክሊቱ እንዳይቀበር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 የምንናገርበት ጉዳይ ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው ተማሪዎች እንዴት ይታወቃሉ፣ ከታወቁስ በኋላ እንዴት ይረዳሉ የሚለው ነው።

የመክሊትን ምሳሌ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ምሳሌ መክሊቱን ቆፍሮ የቀበረው ተቀባዩ ራሱ ነው። በትምህርት ቤት ግን ባለ መክሊቱ ገና ልጅ ነውና፣ ሳያውቀው ሌላ ሰው ሊቀብርበት ይችላል።

ብዙ ሰው ባለ ተሰጥዎ የሚለው አንደኛ የሚወጣውን ተማሪ ነው። አንደኛ መውጣት የትጋት ፍሬ ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን የተበላሸ ሬዲዮ ፈታትቶ የሚገጥም፣ ሒሳቡን መምህሩ ባላሳዩት መንገድ የሚሠራ፣ በጥያቄ ብዛት ክፍሉን የሚያሰለች ልጅ ደረጃው አሥራ አምስተኛ ሊሆን ይችላል። በእኛ በአቃቂ ቃሊቲ ደግሞ በቤቱ ኦሮምኛ ሲናገር ያደገ ልጅ በአማርኛ ለመመለስ ሲዘገይ፣ አእምሮው የዘገየ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። የዘገየው ቋንቋው እንጂ ሐሳቡ አይደለም።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ላይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት፣ 11ኛ ክፍልን በብልጫ የፈጸሙ ተማሪዎችን ከየጠቅላይ ግዛቱ እየመረጠ 12ኛ ክፍልን በአዲስ አበባ ያስተምር ነበር። ጎበዞችን ካሉበት ፈልጎ ማምጣቱ መልካም ሥራ ነበር። ሆኖም 11ኛ ክፍል ሳይደርስ የቀረውን ልጅ ማንም ሊመርጠው አይችልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታዲያ ከቀሩት መካከል አንድም ባለ ተሰጥዎ አልነበረም ልንል ነውን? እንግዲህ ፈተና የተማረውን ይለካል እንጂ ሳይታይ የቀረውን አያገኝም።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ያደጉት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወለንኮሚ አካባቢ፣ በአንዲት የሣር ጎጆ ነው። እናታቸው ልጄ መማር አለበት ብለው ቆረጡ። ልጅየውም እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጉዞ፣ ሳምንቱን ተምሮ፣ ዓርብ ይመለስ ነበር። ከዚያም የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተቀበሏቸው። በመጨረሻ ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። የእኒህ ሰው ተሰጥዎ የራሳቸው ነው። ነገር ግን አምና የላከች እናትና በሩን የከፈተ ትምህርት ቤት ባይኖሩ፣ ገበሬው ያንን ማሽላ ከየት ያገኝ ነበር?

ከእኛ ጋር 9ኛ ክፍል ከጀመሩት መካከል ዛሬ በዚህ አዳራሽ የሌሉ አሉ። አንዳንዶቹ እኛ እርሳስ ሳናነሣ መልሱን ያገኙ ነበር። ከትምህርት ያስቀራቸው ስንፍና ሳይሆን የደብተርና የምሳ ገንዘብ ማጣት ነው። ስለዚህ ከዚህ ቤት ከመሰናበታችን በፊት የሚከተለውን እንለምናለን።

መምህሮቻችን ሆይ፤ ከማርክ መዝገቡ ጎን የተማሪውን ጥያቄና የእጅ ሥራ የምትጽፉበት አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ፈጥኖ ለጨረሰው ልጅ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ከመጨመር የሚከብድ ጥያቄ ስጡት። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በክፍለ ከተማችን ይገኛል። ታናናሾቻችን ቤተ ሙከራውን ገብተው ያዩ ዘንድ ትምህርት ቤታችን ይጠይቅላቸው፤ አለዚያ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሆናል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ በፋብሪካ ፈረቃ ደክማችሁ እንደምታሳድጉን እናውቃለን። ከገንዘብ ይልቅ አንድ ጸጥ ያለ ሰዓት ስጡን። ውሃ መቅዳትና ወጥ መሥራት በእኅታችን ላይ ብቻ አይውደቅ፤ ወንድሟም ይካፈላት። ስንት የሒሳብ ሊቅ ማጀት ውስጥ ቀርታ ይሆናል!

ጓደኞቻችን ሆይ፤ የሚያነበውን ልጅ «ቀለሜ» እያልን አናሳፍረው። ባለ ተሰጥዎውም ያወቀውን አጠገቡ ላለው ያስረዳ፤ ያስረዳ ሰው ዕውቀቱ ይጸናለታልና።

ትምህርት ቤታችን የሚቀጥለውን በዓሉን ሲያከብር የተመራቂዎቹን ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ሊቀሩ ሲሉ የተገኙትንም ይቁጠርልን። ይህ ከሆነ በዓሉ ይበልጥ ያምራል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።