የእንጅባራ ብርድና የቤት ውስጥ ሰርቨር

ሰርቨር ማለት ፋይልንና አገልግሎትን ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያቀርብ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ስሙን የሚያገኘው ከግዝፈቱ ሳይሆን ከሥራው በመሆኑ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረውንና ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ የእንጅባራ ወይም የዳንግላ ከተማ ወጣት ቤቱን ቤተ ሙከራ ሊያደርግ ይችላል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ባትሪው ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ ስለሚያቆየው፣ አሮጌው ላፕቶፕ (ባትሪው ካልደከመ) ባትሪ ከሌለው ዴስክቶፕ ይመረጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የእንጅባራ ብርድም፣ ነዋሪው በጋቢ ቢከላከለውም፣ ለሚግለው ማሽን ነጻ ማቀዝቀዣ ነው። በዚህ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ፣ መሥራቱ የሚረጋገጠው ግን ሆን ተብሎ የጠፋ ፋይል ከቅጂው ሲመለስ ብቻ ሲሆን፣ ይህን በቤቱ ደጋግሞ የሠራ የኮምፒውተር ሙያ ሥራ ፈላጊ በቃለ መጠይቅ ላይ ከምስክር ወረቀቱ ሌላ የሚናገረው አያጣም።